ቃል ኪዳንና የልብ ዕረፍት

ከፍጥረት ሁሉ መካከል ስለ ነገ ቃል የሚሰጥ ሰው ብቻ ነው። ወፍ ጎጆዋን ትሠራለች፥ ንብም ቀፎዋን ትሞላለች፤ ነገር ግን «የዛሬ ሃያ ዓመት ከአንተ ጋር እገኛለሁ» ብላ ለጓደኛዋ የምትናገር ወፍ አልተገኘችም። ሰው ግን ነገ ምን እንደሚያመጣ ሳያውቅ፥ ጤናው እንደሚጸና፥ ሀብቱ እንደሚበረክት፥ የገዛ ልቡም እንዳለ እንደሚቈይ ዋስትና ሳይኖረው ቃል ይገባል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ፍሬድሪክ ኒቼ በ1887 እ.ኤ.አ. ስለ ግብረ ገብ አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጠባይ ሰውን ከእንስሳ የሚለይ አድርጎ መርምሮታል። ሐና አረንትም በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ልጅ ኑሮ ባሳተመችው መጽሐፍ፥ የሰው ሥራ ፍጻሜው አስቀድሞ የማይታወቅ ስለ ሆነ፥ ለዚህ አለመታወቅ መድኃኒቱ ቃል መግባትና ቃልን መጠበቅ መሆኑን አስረድታለች።

ይሁን እንጂ በዘመናችን ከብዙ ወጣቶች አፍ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። ክርክሩም እንዲህ ነው፤ ፍቅር ካለ ቃል ኪዳን አያስፈልግም፥ የሚዋደዱት ሳይታሰሩ አብረው ይኖራሉና፤ ፍቅር ከሌለ ደግሞ ቃል ኪዳን አይጠቅምም፥ ያልተዋደዱትን አስሮ ማኖር ማሠቃየት ነውና። እንግዲህ ባንደኛው ጊዜ ትርፍ፥ በሌላው ጊዜ ጎጂ የሆነ ነገር ስለ ምን ይፈለጋል? ይህን ጥያቄ በተግሣጽ ወይም በቁጣ ማለፍ አይገባም። ጠያቂዎቹ የወላጆቻቸውን ቤት ያዩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ያዩት ቤት ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ለዓመታት መልካም ቃል ያልተለዋወጡበት ነው። ስለዚህ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ እነዚህንም ቤቶች የሚያስብ መሆን አለበት።

የቀድሞ ሰዎቻችን ይህን ነገር በመጽሐፍ ባይጽፉትም በኑሮአቸው መርምረውታል። በአገራችን ሰሜንና መካከለኛ ክፍል በሚገኙ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንድና ሴት የሚጋቡበት ውል አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። አንደኛው የደመወዝ ጋብቻ ነው፤ ይኸውም ወንዱ ለሴቲቱ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ፥ ጊዜውም ተወስኖ፥ ነጋዴው በሚነግድበት ወታደሩም በሚዘምትበት ስፍራ የሚገባው ውል ነው። ሁለተኛው የሰማንያ ጋብቻ ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ፥ ዋስ ተጠርቶ፥ በንጉሥ ስም ተምሎ፥ የሁለቱም ሀብት ተቈጥሮ ይፈጸማል፤ ባልና ሚስቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ሽማግሎች ባሉበት ንብረታቸውን ተካፍለው ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስተኛው የቁርባን ጋብቻ ነው፤ ባልና ሚስት በአንድነት ሥጋ ወደሙን ተቀብለው የሚጸኑበት፥ ከሞት በቀር አይፈታውም የሚባለው ነው። ቄስ የሚሆን ሰው በዚህ ሥርዓት ሊያገባ ግድ ነው፤ ሚስቱ ብትሞትበትም ሁለተኛ አግብቶ በክህነቱ ሊያገለግል አይችልም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከካህናት በቀር ከምእመናን ብዙዎቹ በወጣትነታቸው በሰማንያ ይጋባሉ፤ ልጆች ወልደው፥ ክፉውንም ደጉንም አብረው አይተው፥ ጠጕራቸው ከሸበተ በኋላ አብረው ቈርበው ጋብቻቸውን ያጸናሉ። ለዚህ ልማድ አንደኛው ምክንያት የቁርባን ሕግ ለወጣት ከባድ መሆኑ እንደ ሆነ አይካድም። የሆነ ሆኖ በውስጡ አንድ ጥበብ ተሰውሮ ይገኛል። እነዚህ ባልና ሚስት ሊለያዩ በሚችሉበት ዘመን ሁሉ ሳይለያዩ ኖረው፥ በመጨረሻ ሲፈልጉ ሊወጡበት ይችሉ የነበረውን በር በገዛ እጃቸው ዘግተውታል። በሩን የዘጋባቸው አባት፥ ዳኛ ወይም ጎረቤት አይደለም። ይህ ልዩነት ለምን ታላቅ እንደ ሆነ ወደ ፊት እናያለን።

ወደ ነገሩ ሥር ስንገባ፥ አስቀድመን ቃል ኪዳን የሚባለው በሰው ልብ ውስጥ ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። ማይክል ጆንሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሰው በአንድ ግንኙነት ጸንቶ የሚቈይባቸውን ምክንያቶች በሦስት ከፍሏቸዋል፤ ስለሚፈልግ፥ ስለሚገባው፥ ስለሚገደድ። የሚፈልግ ሰው ባልንጀራውን ወድዶ ይቈያል። ይገባኛል የሚል ሰው ለሰጠው ቃልና ለኅሊናው ሲል ይቈያል። የሚገደድ ሰው ግን ቤቱ፥ ገንዘቡ፥ ልጆቹ፥ የሰው ሐሜትም ይዘውት ይቈያል። ካሪል ራስቡልትም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባቀረበችው ጥናት ጽናት ከሦስት ምንጮች እንደሚቀዳ አሳይታለች፤ ከግንኙነቱ ከሚገኘው ደስታ፥ ከዚያ የተሻለ ሌላ ነገር ካለመታየቱ፥ እንዲሁም እስከዚያ ቀን ከፈሰሰው ድካም፥ ዘመንና ሀብት። በ1992 እ.ኤ.አ. ስኮት ስታንሊና ሐዋርድ ማርክማን ይህን ሁሉ አጥብበው ሁለት ስም ሰጡት፤ አንደኛውን ራስን መስጠት፥ ሁለተኛውንም መታሰር ብለው ለዩት።

ይህ ልዩነት ከውጭ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል፤ በሁለቱም ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል፥ ጎረቤትም ሁለቱን እኩል ያመሰግናል። ባንደኛው ቤት ግን ባልየው ሲያስል ሚስቲቱ ከእንቅልፏ ትነቃለች፤ በሌላው ቤት ደግሞ አንዱ ሲያስል ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በመዝገብ ላይ የተጻፈው ጋብቻ አንድ ነው፥ በውስጡ ያለው ኑሮ ግን ሁለት ነው።

ቃል ኪዳን ለሰው ጤናና ደኅንነት ይጠቅማል ሲባል የተገኘው ማስረጃ ይህንኑ ልዩነት ያጸናል። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ረዥም ጥናት 268 የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና 456 በቦስተን ከተማ ድኻ ሰፈሮች ያደጉ ልጆችን ይዞ፥ ከወጣትነታቸው እስከ እርጅናቸው ተከታትሏል። የጥናቱ መሪ የነበሩት ሐኪሞች በገለጹት መሠረት፥ በሃምሳ ዓመታቸው በቅርብ ሰዎቻቸው ደስ የተሰኙት በሰማንያ ዓመታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ጤነኞች ሆነው ተገኝተዋል። ጁሊያን ሆልት ሉንስታድና ባልደረቦቿም በ2010 እ.ኤ.አ. 148 ጥናቶችንና በነዚያ ውስጥ የተመዘገቡ 308,849 ሰዎችን አንድ ላይ መርምረው፥ ጠንካራ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው ከሌላቸው በ50 ከመቶ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ያሉት አባቶቻችን ይህን ቍጥር ሳያዩ ነው።

ነገር ግን መድኃኒትም መርዝም ባንድ ጠርሙስ ቅርጽ ሊቀመጡ ይችላሉ። ጄምስ ኮን የተባለው ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 16 ያገቡ ሴቶች በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው፥ ቍርጭምጭሚታቸው በኤሌክትሪክ ሊነዘር እንደሚችል ተነገራቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ የአንጎላቸው የፍርሃት ሥራ በረታ፤ የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙ ጥቂት ቀለለ፤ የባላቸውን እጅ ሲይዙ ግን ከሁሉ ይልቅ ቀለለ። ከሁሉ አብልጦ የተረጋጋው በትዳራቸው ደስተኞች የነበሩት ሴቶች አንጎል ነው። በሌላ በኩል ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ በ2005 እ.ኤ.አ. 42 ባልና ሚስት ወስደው በክንዳቸው ላይ ትንንሽ ቍስል አበጁባቸው፤ ባልና ሚስቱ ከተከራከሩ በኋላ ቍስሉ ተደጋግፈው ከተነጋገሩበት ጊዜ ይልቅ ዘግይቶ ዳነ፤ በመካከላቸው ጥላቻ የሚታይባቸውም ቍስላቸው የዳነው በሌሎቹ ፍጥነት በ60 ከመቶ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሥጋችን የጋብቻ ወረቀታችንን አያነብም፤ የሚያነበው በየቀኑ የምንለዋወጠውን ቃልና ፊት ነው።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንመለስ። ደኅንነት የሚመጣው ከመልካም ኑሮ ከሆነ፥ ቃል ኪዳኑ ራሱ ምን ይጨምራል? እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት ነገር ይጨምራል።

አንደኛው፥ የየዕለቱን ፈተና ያስቀራል። ቃል ያልተገባለት ሰው በየማለዳው እንደ አዲስ ይመዘናል፤ ዛሬ ባያምር፥ ዛሬ ቢታመም፥ ዛሬ ገንዘብ ባያገኝ ነገ ይተዉኛል ብሎ ይሠጋል። ዘወትር የሚፈተን ተማሪ ትምህርት ሊቀስም እንደማይችል መምህራን ያውቃሉ፤ ጊዜው ሁሉ በፍርሃት ያልቃልና። ቃል የተገባለት ሰው ግን ጕድለቱን ሳይሸሽግ ያርፋል፤ ያ ዕረፍት ደግሞ ጕድለቱን ለማረም ኀይል ይሰጠዋል።

ሁለተኛው፥ ፍሬው ዘግይቶ የሚመጣ ሥራ እንዲሠራ ያደርጋል። በነገው ዓመት መሬቱን እንደሚለቅ የሚያስብ ገበሬ እርከን አይሠራም፥ ዛፍም አይተክልም። ልጅ ማሳደግ፥ በሽተኛ ማስታመም፥ አንዱ ይማር ዘንድ ሌላው መሥራት፥ ወደ ሩቅ ወረዳ የተዛወረውን የመንግሥት ሠራተኛ ተከትሎ ሥራን መተው፥ ይህ ሁሉ ነገ አብረን እንገኛለን የሚል እምነት ከሌለ ሞኝነት ይሆናል። ስለዚህ ፍቅር ካለ ቃል አያስፈልግም የሚለው አነጋገር ይህን ዘንግቷል፤ ፍቅር ስለ ዛሬ ይናገራል፥ ዛፍ ለመትከል ግን ስለ ነገ የተነገረ ቃል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፥ ነፃነትን ይሰጣል። ይህ ለብዙዎች እንቈቅልሽ ሊመስል ይችላል። ሜሪ ኤይንስዎርዝ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በካምፓላ አጠገብ በሚገኙ የኡጋንዳ መንደሮች 26 ቤተ ሰቦችን እየጎበኘች ሕፃናትን ትመለከት ነበር። በእናቱ የተማመነ ሕፃን ከእናቱ ጉልበት ወርዶ ራቅ እያለ ይጫወታል፥ መለስ ብሎም ያያታል፥ ደግሞ ይሄዳል፤ ያልተማመነው ግን ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። ትኖራለች ብሎ ያመነ ልጅ ራቀ፤ ትሄዳለች ብሎ የፈራው ታሰረ። ትልቅ ሰውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ቤቱ የጸናለት ሰው በሥራው ይደፍራል፥ በሸንጎ እውነት ይናገራል፥ ለባልንጀራውም ቅሬታውን ሳይፈራ ይገልጻል፤ አንድ ጠብ ሁሉን ነገር እንደማያፈርስ ያውቃልና።

እስካሁን ያልነው ቃል ኪዳንን የሚያመሰግን ነው። ነገር ግን የሚያስጨንቀውን ወገን ሳናነሣ ብንጨርስ ግማሽ እውነት ተናግረን መቅረታችን ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ምሳሌ አለን። ይህ ምሳሌ ቃልን ለሚያቃልል ሰው መልካም ተግሣጽ ነው፤ በትዳር ላይ እንዳለ ቢነገር ግን ሰውን ለቃል መሥዋዕት ያደርጋል። ራስቡልትና ማርትዝ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከሚደበድባቸው ሰው ሸሽተው መጠለያ የገቡ ሴቶችን መርምረዋል። ወደዚያ ሰው የመመለሳቸው ነገር የታየው ሌላ መኖሪያና መተዳደሪያ በማጣታቸው፥ ብዙ ዘመንና ብዙ ነገር በዚያ ቤት በማፍሰሳቸውም ነው። ከውጭ ሲታይ ይህ ጽናት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን መውጫ ማጣት ነው። እንዲህ ያለውን መውጫ ማጣት ታማኝነት ብለን ስናመሰግን፥ ሳናውቀው ለደብዳቢው ዘበኛ ሆነን እንቆማለን።

ከዚህም ጋር የሚቈጠር ሌላ ነገር አለ። ያልተጠየቀች ልጅ ቃል አልገባችም፤ ቃል የገቡላት ሌሎች ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት፥ ለወንድ ደግሞ 18 ዓመት አድርጎ ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። የዚህም ለውጥ ትርጕም ዕድሜን ከመቍጠር ያልፋል፤ ቃል ኪዳን ቃል ኪዳን የሚሆነው እሺ የሚለው ሰው እምቢ ለማለትም የሚችል ሲሆን ነው ማለት ነው። እንዲሁም በ1952ቱ ሕግ ፍች ይታይ የነበረው በቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሲሆን፥ በአዲሱ ሕግ ፍችን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ተጋቢዎቹ ነገሩን እንዲያሰላስሉ ከሦስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ሕጉ በሩን ከፍቶ፥ በደጃፉ ላይ የማሰቢያ ወንበር አኑሯል ቢባል አይሳሳትም።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ተማሪ ሊጠይቅ ይችላል፤ «በሩ ከተከፈተ ልብ እንዴት ያርፋል?» ጥያቄው ከባድ ነው፥ የሚደግፈው ጥናትም አለ። ዳንኤል ጊልበርትና ጄን ኤበርት በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ካነሡአቸው ሁለት ፎቶግራፎች አንዱን መርጠው እንዲወስዱ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ በኋላ ሊለውጡት እንደሚችሉ፥ ለሌሎቹ ግን ምርጫቸው የመጨረሻ መሆኑ ተነገራቸው። በፎቶግራፋቸው ይበልጥ የተደሰቱት መለወጥ ያልተፈቀደላቸው ናቸው፤ አስቀድመው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ የሚመርጡት መለወጥ የሚቻልበትን መንገድ ነበር። እንግዲህ ልብ የሚያርፈው ጥያቄው ሲዘጋ ነው።

ሆኖም ፎቶግራፍ አይሳደብም፥ አይመታም፥ ደመወዝም ጠጥቶ አይገባም። ለግዑዝ ነገር በሩን የውጭ ሰው ቢዘጋው ጕዳት የለውም፤ ለሰው ግን ከውጭ የተዘጋ በር እስር ቤት ነው። ስለዚህ መልሱ እንዲህ ይመስለኛል፤ ጥያቄውን መዝጋት የሚገባው ልብ ነው፥ በሩን ክፍት አድርጎ መጠበቅ የሚገባው ደግሞ ሕግ ነው። እነዚያ ጠጕራቸው ሸብቶ የቈረቡ ባልና ሚስት ያሳዩን ይህንኑ ነው። ሊሄድ የሚችል ሰው ሳይሄድ መቅረቱ ስጦታ ነው፤ ሊሄድ የማይችል ሰው መቅረት ግን ስለ ፍቅሩ ምንም አይነግረንም።

እንግዲያውስ ቃል እስከ የት ያስገድዳል? መለያው ችግሩ ከየት እንደ መጣ መመልከት ነው። ድኽነት፥ በሽታ፥ መካንነት፥ እርጅና፥ የሥራ መራቅ፥ የስሜት መቀዝቀዝ፥ እነዚህ ሁለቱን በአንድነት ያገኙ ችግሮች ናቸው። ቃል ኪዳን የተፈጠረው ለነዚህ ነው፤ በጥጋብ ቀን ሁሉም ወዳጅ ነውና ቃል አያስፈልገውም። በነዚህ ጊዜ ትቶ መሄድ ቃልን ማፍረስ ነው። ነገር ግን አንዱ ሌላውን ሲመታ፥ ሲያዋርድ፥ ሲያስርብ ወይም ዘወትር ሲከዳ፥ ችግሩ ከአንዱ በሌላው ላይ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ውሉን ያፈረሰው የመታው ሰው ነው፤ ልብሱን ጠቅልሎ የወጣው ሰው የሚያደርገው የፈረሰውን ነገር ፈርሷል ብሎ ማስታወቅ ብቻ ነው። ሽማግሎች ለዕርቅ ሲቀመጡ አስቀድመው ይህን ቢለዩ፥ «ቻይው» የሚለውን ቃል በማይገባው ስፍራ ከመናገር በዳኑ ነበር።

ደግሞም ቃል ኪዳን የሁለት ሰው ሸክም መሆኑ አይዘንጋ። ዊላርድ ዎለር በ1938 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ በሁለት ሰዎች መካከል ጥቂት የሚወደው በብዙ የሚወደውን ይገዛል። ታማኝነት ከሚስት ብቻ ሲፈለግ፥ ባልም በውጭ የሚሠራው እንደ ወንድ ወግ ሲቈጠር፥ ያ ቃል ኪዳን ሳይሆን ግብር ማስገበር ነው። እኩል ያልሆነ ማሰሪያ አንደኛውን ያቈስላል፥ ሁለተኛውንም ያባልጋል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፥ ቃልን መጠበቅ በተግባር ምን እንደ ሆነ ጥቂት መናገር ይገባል። ብዙ ሰው ቃል ኪዳን በሠርግ ቀን ተነግሮ ያለቀ ነገር ይመስለዋል። ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ግን፥ አንዱ ደስ የሚል ወሬ ይዞ ሲመጣ ሌላው የሚቀበልበት አኳኋን፥ በኀዘኑ ጊዜ ከሚያጽናናው ይልቅ የግንኙነቱን ደኅንነት ያመለክታል። በለቅሶ ቀን መገኘትን አገራችን በደንብ ያስተምራል፤ ባልየው ከሥራ ተመልስ «ዛሬ አለቃዬ አመሰገነኝ» ሲል ወጡን ከማማሰል ቀና ብሎ መስማት፥ ሚስትም ፈተና ማለፏን ስትናገር ጋዜጣውን አስቀምጦ መደሰት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቃል የሚታደሰው በዚህ ነው፤ ዋስ የማይጠራበት፥ መሐላም የማያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቹ ክርክር መልሳችን ይህ ነው። ፍቅር ሲኖር ቃል ትርፍ አይደለም፥ ፍቅር ነገን ለማሰብ ድፍረት የሚያገኘው በእርሱ ነውና። ፍቅር ሲደክምም ቃል ሁልጊዜ ጎጂ አይደለም፥ ደክሞ የነበረው እስኪበረታ ድረስ ቤቱን ደግፎ ይይዛልና። ጎጂ የሚሆነው ባለቃሉ ሰው ሳይጠየቅ ሲታሰር፥ ወይም በዳዩ በሌላው ታማኝነት ሲመካ ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን የምንድር ወላጆችና ሽማግሎች፥ ስለ ማጫውና ስለ ዘመዱ ብዛት ከጠየቅን በኋላ ሁለት ጥያቄ ብንጨምር መልካም ነው። አንደኛው፥ «ይህ ሰው የሠርጉ እንግዳ ከተበተነ በኋላ በክፉ ቀን አብሮ መቈየት ያውቃልን?» ሁለተኛውም፥ «ልጃችን ለመውጣት ብትገደድ የምትገባበት ቤት አላትን?» ሁለተኛውን ጥያቄ አዎን ብለን የምንመልስላት ልጅ፥ በትዳሯ ብትጸና ጽናቷ የራሷ ይሆናል።